ከድምፅ በፊት ወይስ ከድምፅ በኋላ? የአሜሪካ የስቴት ተመራጮችና የነዋሪዎቻቸው ግንኙነት ሲዳሰስ

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በሲያትልም ሆነ በአውሮራ ኢትዮጵያውያን ቡና ይዘው ፖለቲካ ሲያነሡ ወሬው ወይ አዲስ አበባ ነው ወይ ዋይት ሐውስ። በመካከል ያለው ሰው አይነሣም። ይሁን እንጂ መንጃ ፈቃድ ማን ማውጣት እንደሚችል፣ የቤት ባለቤት ተከራዩን በምን ሥርዓት እንደሚያስወጣ፣ ከሥራ የተሰናበተ ሰው የሥራ አጥ ክፍያ የሚያገኘው በምን መስፈርት እንደሆነ፣ ለልጆች ትምህርት ቤት ከስቴቱ ካዝና ስንት እንደሚመደብ በዋናነት የሚወሰነው በስቴቱ ምክር ቤት ነው። ይህን ወሳኝ ሰው አለማወቅ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በ2018 ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ይፋ ያደረገው ጥናት ከተጠየቁት አሜሪካውያን ከአምስቱ አራቱ የስቴት ተወካያቸውን ስም መናገር እንዳልቻሉ አሳይቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተመራጮቹ ግን ዝም አላሉም። ሳምንታዊ ኢሜይል ይልካሉ፤ የጉባኤው ወቅት ሲያልቅ ባለቀለም ደብዳቤ በፖስታ ያደርሳሉ፤ በቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ‘ታውን ሆል’ የሚባለውን የነዋሪዎች ስብሰባ ይጠራሉ፤ መጠይቅ ያስሞላሉ፤ በበዓል አደባባይ ላይ ድንኳን ይተክላሉ። ይህ ሁሉ ድካም ለነዋሪው ምን ይፈይዳል? ለተመራጩስ? ጥናቶችና የስቴቶቹ አሠራር ሲገላበጡ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። የግንኙነቱ ዋጋ የሚለካው በደብዳቤው ብዛት ወይም በስብሰባው ድምቀት ሳይሆን በሰዓቱ ነው። መረጃው ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ከደረሰ ነዋሪውን የጉዳዩ ባለቤት ያደርገዋል፤ ከተሰጠ በኋላ ከደረሰ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

አንዱ ተመራጭ ለስንት ሰው?

በ50ዎቹ ስቴቶች ከ7,300 በላይ የምክር ቤት አባላት አሉ። ሁሉም ‘የስቴት ተወካይ’ ይባሉ እንጂ ሥራቸው የአንድ ዓይነት ሰው ሥራ አይደለም። የኒው ሃምፕሻየር የታችኛው ምክር ቤት 400 አባላት ሲኖሩት አንዱ የሚወክለው 3,400 ሰው ገደማ ነው፤ ደመወዙም ከ1889 ጀምሮ በዓመት 100 ዶላር ሆኖ ቀርቷል። እዚያ ተወካይ ማለት ገበያ ስትወጣ የምታገኘው ጎረቤት ስለሆነ ኢሜይል ባይልክም ይደረስበታል። በሌላው ጫፍ ካሊፎርኒያ 40 ሴኔተሮች ብቻ አሏት፤ እያንዳንዳቸው ወደ 990,000 የሚጠጋ ሕዝብ ይወክላሉ። ይህም አንድ የፌዴራል ኮንግረስ አባል ከሚወክለው 760,000 ገደማ ሕዝብ ይበልጣል። የቴክሳስ 31 ሴኔተሮችም እያንዳንዳቸው 940,000 ያህል ሰው ይወክላሉ፤ ምክር ቤታቸው ግን በመደበኛነት የሚሰበሰበው በሁለት ዓመት አንዴ፣ ለ140 ቀን ነው። የአባሉ ደመወዝ በዓመት 7,200 ዶላር በመሆኑ ሌላ መተዳደሪያ የሌለው ሰው ወንበሩን አይደፍረውም።

ከሕዝቡ ብዛት ቀጥሎ የሚወስነው የጊዜው ጥበት ነው። የሜሪላንድ ምክር ቤት በዓመት 90 ቀን ይቀመጣል። የቨርጂኒያው በሙሉ ቁጥር ዓመት 60 ቀን፣ በጎዶሎው ደግሞ በተለምዶ ተራዝሞ 46 ቀን ይሠራል። የዋሽንግተን ስቴት በጎዶሎ ዓመት 105፣ በሙሉው 60 ቀን ነው። ሦስቱም ጥር ላይ ይጀምራሉ። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ሲብላላ የከረመው ጉዳይ በጥቂት የክረምት ሳምንታት ውስጥ ይጎርፋል። ተመራጩ ቀኑን ከኮሚቴ ኮሚቴ ሲሮጥ ይውላል፤ ለነዋሪው የሚላከውን ደብዳቤ የሚያረቀው ብዙ ጊዜ አንድ ረዳት ወይም የፓርቲው የመረጃ ክፍል ነው። ነዋሪው መረጃ በጣም በሚያስፈልገው ሰሞን ተመራጩ ለመናገር ፋታ ያጣል፤ ፋታ ሲያገኝ ደግሞ ሕጉ ጸድቋል። የሰዓቱ ችግር በከፊል ከዚህ ይመነጫል።

ሜሪላንድ በቅርብ ስትታይ

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትን ሜሪላንድን ጠጋ ብሎ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ስቴቷ በ47 የምርጫ ወረዳዎች ተከፍላለች። እያንዳንዱ ወረዳ አንድ ሴኔተርና ሦስት ዴሊጌቶች (የታችኛው ምክር ቤት አባላት) ስላሉት በጠቅላላው 188 ተመራጮች በዋና ከተማዋ አናፖሊስ ይሰበሰባሉ። አንድ ወረዳ ወደ 131,000 ሰው ይይዛል። የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ እንግዲህ አራት የስቴት ተወካይ አለው ማለት ነው፤ በዚያ ላይ የካውንቲው ምክር ቤት አባላት፣ የፌዴራሉ ተወካይና ሁለቱ የፌዴራል ሴኔተሮች ይጨመራሉ። ለየትኛው ጉዳይ የማንን በር ማንኳኳት እንዳለበት ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

በአንድ የጉባኤ ወቅት ከ2,500 በላይ ረቂቅ ሕጎች ይቀርባሉ፤ አብዛኞቹ አያልፉም። በ69ኛው ቀን ‘ክሮስኦቨር’ የሚባለው ወሰን አለ፤ በዚያ ቀን ከቀረበበት ምክር ቤት ወጥቶ ወደ ሌላው ያልተሻገረ ረቂቅ መንገዱ ይጠብበታል። ሚያዝያ ላይ በ‘ሳይኒ ዳይ’ እኩለ ሌሊት ሁሉም ነገር ያበቃል፤ ያልጸደቀው ይወድቃል፤ በቀጣዩ ዓመት የሚታየው እንደ አዲስ ከቀረበ ብቻ ነው። ነዋሪው ይህን የጊዜ ሰሌዳ ካላወቀ የሚልከው ኢሜይል ቁም ነገር ቢኖረውም የሚደርሰው ከረፈደ በኋላ ነው።

ምስክርነት ለመስጠት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ በምክር ቤቱ ሥርዓት አካውንት ይከፍታል፤ የረቂቁን ቁጥር መርጦ፣ ደጋፊ ወይም ተቃዋሚ መሆኑን ጠቁሞ፣ ከስብሰባው ቀን በፊት ይመዘገባል። የጽሑፍ ምስክርነት ካለው በዚያው ይጭናል። ተራው ሲደርስ የሚሰጠው ጊዜ በኮሚቴው ሰብሳቢ የሚወሰን ሲሆን ሁለት ደቂቃ የተለመደ ነው። ሁለት ደቂቃ በአማርኛ ሰላምታችን ብቻ የሚያልቅ ጊዜ ነው። ልምድ ያላቸው ምስክሮች ስማቸውንና ሰፈራቸውን፣ የረቂቁን ቁጥር፣ በእነርሱ ላይ የደረሰውን አንድ ነገር፣ ከዚያም የሚጠይቁትን ተናግረው ይጨርሳሉ። ይህን ቅደም ተከተል በሦስት መስመር ጽፎ ከስብሰባው አንድ ሳምንት በፊት ለወረዳው የሚልክ ተመራጭ፣ ሳይኒ ዳይ ካለፈ በኋላ አራት ገጽ ባለቀለም ወረቀት ከሚልከው ይልቅ ሕዝቡን አገልግሏል።

ሜሪላንድ ከሌሎች ለየት የምትልባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የካውንቲ ቡድን የሚባለው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ተመራጮች በአንድ ላይ ተሰብስበው ካውንቲውን ብቻ በሚመለከቱ ረቂቆች ላይ የሕዝብ አስተያየት የሚሰሙት የአናፖሊሱ ጉባኤ ከመከፈቱ በፊት፣ በቅርባቸው ነው። ሰዓቱ ያልዘገየ፣ መንገዱም ያልራቀ መድረክ እርሱ ነው፤ የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። ሁለተኛው የትምህርት ዕድሉ ነው። እያንዳንዱ ሴኔተርና ዴሊጌት ለወረዳው ተማሪዎች የኮሌጅ ድጎማ የሚሰጥበት የስቴት ገንዘብ አለው። ማመልከቻው እንደየተመራጩ ይለያያል። ሥርዓቱ ተቺዎች አሉት፤ የሕዝብ ገንዘብ በተመራጩ ስም ሲሰጥ ውለታ መስሎ ይታያል ይላሉ። ትችቱ ሚዛን የሚደፋ ነው። ድጎማው እስካለ ድረስ ግን የኮሌጅ ልጅ ያለው ቤተሰብ አራቱንም ተወካዮቹን ማወቁ በገንዘብ የሚተመን ጥቅም አለው።

ደብዳቤው ምን ይላል?

የጉባኤ ማብቂያ ደብዳቤ አንዴ የደረሰው ሰው ቅርጹን ያውቀዋል። ከላይ የተመራጩ ፈገግታና የምክር ቤቱ ጉልላት ይታያል። ቀጥሎ የጸደቁ ሕጎች ዝርዝር አለ፤ ‘ኮርቻለሁ’ እና ‘በጋራ አሳካን’ የሚሉ ቃላት ይበዙበታል። ከዚያ ለወረዳው የመጣ ገንዘብ ይዘረዘራል፤ ለመናፈሻ ይህን ያህል፣ ለማኅበረሰብ ማእከል ያን ያህል ይላል። ከሕፃናት ጋር የተነሣ ፎቶግራፍ ይከተላል። ከታች የቢሮው ስልክ አለ።

የፖለቲካ ሳይንስ ሊቁ ዴቪድ ሜይሂው በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ የኮንግረስ አባላት ለዳግም ምርጫ የሚሠሯቸውን ሦስት ሥራዎች ለይቶ ነበር፦ ራስን ማስተዋወቅ፣ ለመልካም ነገር ባለቤት መሆን፣ አቋምን መግለጽ። ከላይ ያየነው ደብዳቤ ሦስቱንም ያሟላል፤ ፎቶው የመጀመሪያው፣ የገንዘቡ ዝርዝር ሁለተኛው፣ ‘እታገላለሁ’ የሚለው ዓረፍተ ነገር ሦስተኛው ነው። የማይገኙበትን ነገሮች መቁጠር ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። ተመራጩ አቅርቦት በኮሚቴ የቀረ ረቂቅ አይጠቀስም። በከረረ ክርክር ላይ የሰጠው ድምፅና ምክንያቱ አይጻፍም። ከራሱ ፓርቲ መሪዎች የተለየበት ቦታ አይነሣም። ለመናፈሻው የመጣው ገንዘብ ከየት ተቀንሶ እንደሆነ አይነገርም። ነዋሪው በሚቀጥለው ጊዜ ጉዳዩን ለማስፈጸም የሚረዳው ግን ይኸው የተዘለለው ክፍል ነው።

ክፍተቱን በፊት ይሞላ የነበረው ጋዜጣ ነበር። ፒው የጥናት ማእከል በ2022 ባወጣው ቆጠራ የስቴት ምክር ቤቶችን በሙሉ ጊዜ የሚከታተሉ የጋዜጣ ዘጋቢዎች ቁጥር ከ2014 ወዲህ በሲሶ ያህል ቀንሷል። ለትርፍ ያልቆሙ የዜና ተቋማትና የትርፍ ሰዓት ዘጋቢዎች የተወሰነውን ሸፍነዋል። ነገር ግን በብዙ ወረዳ ስለ ተመራጩ ሥራ የሚናገረው ብቸኛ ጽሑፍ ተመራጩ ስለራሱ የጻፈው ሆኗል። ሚኔሶታ በዚህ ረገድ ጥሩ ልማድ አላት፤ የምክር ቤቱ የራሱ የመረጃ ክፍል ለየትኛውም ፓርቲ ሳያዳላ የየቀኑን ክርክር ይዘግባል። በዋሽንግተን ስቴትም ከ1995 ጀምሮ ቲቪደብልዩ የተባለው ጣቢያ የኮሚቴ ስብሰባዎችን ያስተላልፋል። ከተመራጩ እጅ ያልወጣ መረጃ ሲኖር የተመራጩ ደብዳቤም ይታረማል፤ የሚያመሳክርበት ያለው አንባቢ በቀላሉ አይታለልም።

መጠይቅና ታውን ሆል

መጠይቅ ከሁሉ የተለመደው ‘የመስማት’ መንገድ ነው። በሚኔሶታ በየዓመቱ በሚደረገው ታላቅ የስቴት ትርኢት ላይ የምክር ቤቱ ድንኳን ጎብኚዎችን ስለ ወቅታዊ ረቂቆች ይጠይቃል፤ ውጤቱም ይታተማል። አዘጋጆቹ ራሳቸው ሳይንሳዊ ናሙና እንዳልሆነ ይናገራሉ። በየወረዳው በኢሜይል የሚላኩት መጠይቆች ግን ብዙ ጊዜ ይህ ሐቀኝነት ይጎድላቸዋል። ‘ለልጆቻችን ደኅንነት ተጨማሪ ገንዘብ መመደቡን ይደግፋሉ?’ ተብሎ የተጠየቀ ሰው ምን ሊመልስ ይችላል? እንዲህ ያለው ጥያቄ መልሱን ይዞ የመጣ ነው፤ የሚሰበስበውም ከአስተያየት ይልቅ የኢሜይል አድራሻ ነው።

ታውን ሆሉ የራሱ ስልት አለው። ሰው ሲገባ ትንሽ ካርድ ይሰጠዋል፤ ጥያቄውን ጽፎ ያስረክባል፤ ረዳቱ ካርዶቹን በየርእሱ ይለያል፤ ተመራጩ ከተመረጡት ይመልሳል። ካርዱ አንድ ተናጋሪ መድረኩን እንዳይጠቀልለው ይከላከላል፤ በእንግሊዝኛ ቆሞ መናገር የሚከብደውንም ሰው ያግዛል። በዚያው ልክ ተመራጩ የማይፈልገውን ጥያቄ ከሥር እንዲቀብር ያስችለዋል። ምልክቱ ቀላል ነው። ያልተመለሱት ካርዶች በኋላ በጽሑፍ መልስ አገኙ ወይ? ካገኙ መድረኩ መድረክ ነው። ሺዎችን በአንድ ጊዜ በስልክ የሚያገናኘው ዘመናዊው መንገድም ያው ጥያቄ ይነሣበታል፤ ማን ወደ መስመሩ እንደሚገባ የሚወስነው ጠሪው ነውና።

ጥናቶቹ ምን አገኙ?

ሁሉም ነገር ግን ቲያትር አይደለም። ተመራማሪዎች በተጨባጭ ሙከራ ያረጋገጧቸው አበረታች ነገሮች አሉ።

በ2006 በኒው ሃምፕሻየር በሥራ ቦታ ማጨስን የሚከለክል ረቂቅ ሲታይ ዳንኤል በርገን የተባለ ተመራማሪ በረቂቁ ደጋፊዎች ዘመቻ አማካይነት ለተወሰኑ፣ በዕጣ ለተለዩ አባላት ከነዋሪዎች ኢሜይል እንዲደርሳቸው፣ ለሌሎቹ እንዳይደርሳቸው አደረገ። የደረሳቸው ረቂቁን የመደገፍ ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በኒው ሜክሲኮ ዳንኤል በትለርና ዴቪድ ኒከርሰን ከ10,000 በላይ ነዋሪዎችን ስለ አንድ የበጀት ሐሳብ ጠይቀው የየወረዳውን ውጤት ለግማሾቹ የምክር ቤት አባላት ብቻ ሰጡ። ውጤቱን ያዩት ሲያጸድቁም ሲቃወሙም ከወረዳቸው ስሜት ጋር የበለጠ ተስማምተው ተገኙ። ሁለቱም ሙከራዎች የሚያሳዩት አንድ ነገር ነው። ተመራጩ የወረዳውን ልብ አያውቅም፤ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ከተነገረው ግን ይሰማል።

አለማወቁ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ዴቪድ ብሩክማንና ክሪስቶፈር ስኮቭረን በ2018 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። በመላ አገሪቱ የስቴት ፖለቲከኞችን ስለ ወረዳቸው ሰው አመለካከት ሲጠይቁ፣ የሁለቱም ፓርቲ ሰዎች ሕዝባቸውን ከእውነቱ ይልቅ ወግ አጥባቂ አድርገው ይገምቱ ነበር። ተመራማሪዎቹ ከጠቆሟቸው ምክንያቶች አንዱ ቢሮውን የሚያዘወትረው ማን እንደሆነ ነው። አዘውትሮ የሚደውለው ሰው የወረዳው መልክ ሆኖ ይታያል ማለት ነው። ያልደወለው ከስሌቱ ይወጣል።

መደወልም ብቻውን እኩል ጆሮ አያስገኝም። በትለርና ብሩክማን በ2011 ባሳተሙት ሌላ ሙከራ ለ4,859 የስቴት ምክር ቤት አባላት በመራጭነት ስለ መመዝገብ የሚጠይቅ ተመሳሳይ ኢሜይል ላኩ፤ ልዩነቱ የላኪው ስም ብቻ ነበር። ከግማሽ የሚበልጡት መለሱ። ነገር ግን የጥቁር አሜሪካዊ የሚመስለው ስም የነጭ ከሚመስለው ስም በአምስት ፐርሰንት ነጥብ ያህል ያነሰ መልስ አገኘ። ነጭ ተመራጮች በሁለቱም ፓርቲ ይህን ልዩነት አሳዩ፤ ከአናሳ ወገኖች የመጡ ተመራጮች ግን በተቃራኒው ለጥቁሩ ስም የበለጠ መለሱ። አማርኛ ስም ያለው ሰው ከዚህ የሚማረው አለ። ኢሜይሉን ከነሙሉ አድራሻው መጻፍ፣ የወረዳው ነዋሪ መሆኑን በመጀመሪያው መስመር ማስፈር፣ በሳምንት ውስጥ መልስ ካጣ በስልክ መከተል መድልዎን ባያስቀርም ቸል የሚባልበትን ሰበብ ያሳጣል።

ስለ ታውን ሆልም ጥናት አለ፤ በፌዴራሉ ኮንግረስ የተደረገ ቢሆንም ለስቴቱ የሚያስተምር ነው። ማይክል ኔብሎና ባልደረቦቹ በ2006 ከ12 የኮንግረስ አባላት ጋር ስለ ኢሚግሬሽን በትንንሽ ቡድን የመረጃ መረብ ውይይት አዘጋጁ። ተሳታፊዎቹ አስቀድመው መረጃ ተሰጥቷቸው ስለነበር ውይይቱ ወደ ጩኸት አልወረደም፤ በተመራጩ ላይ ያላቸው አመኔታ ጨመረ፤ ለምርጫ የመውጣት ዕድላቸውም ከፍ አለ። መረጃው ቀድሞ፣ ቡድኑ ትንሽ፣ ርእሱ አንድ ሲሆን ተመራጩም ነዋሪውም ያተርፋሉ።

ሕጉ የት ያቆማል?

በሕዝብ ገንዘብ በሚላክ መረጃና በምርጫ ቅስቀሳ መካከል ያለው ድንበር ቀጭን ነው፤ ስቴቶች ሊያሰምሩት ሞክረዋል። የዋሽንግተን ስቴት የሥነ ምግባር ሕግ ተመራጩ ለድጋሚ ምርጫ በሚቀርብበት ዓመት በመንግሥት ወጪ ለነዋሪዎች በጅምላ የሚልከውን ደብዳቤ ይገድባል። ነዋሪው ራሱ ጠይቆ ከሆነ መልስ መስጠት ግን አይከለከልም። የሜሪላንድ ሕግ ደግሞ ጉባኤው በሚካሄድባቸው 90 ቀናት ተመራጮች ለምርጫ ገንዘብ እንዳያሰባስቡ ያግዳል። በማኅበራዊ ሚዲያ በኩል የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መጋቢት 2024 በወሰነው የሊንድኪና የፍሪድ ክርክር አንድ ባለሥልጣን ተቺውን ከገጹ ሲያግድ መብት ጣሰ የሚባለው በመንግሥት ስም የመናገር ሥልጣን ኖሮት በዚያ ሥልጣን ሲናገር መሆኑን ደንግጓል። የግል ገጽ መስሎ የሥራ ማስታወቂያ የሚወጣበት ቦታ ሁሉ እንግዲህ አከራካሪ ነው።

ለስደተኛው ከሁሉ የሚጠቅመው ሌላ ውሳኔ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2016 ስቴቶች የምርጫ ወረዳዎችን በጠቅላላ የሕዝብ ብዛት መከፋፈል እንደሚችሉ አጽንቷል። ወረዳው ሲሠራ ግሪን ካርድ ያለውም፣ ገና በመጠባበቅ ላይ ያለውም፣ ሕፃኑም ተቆጥረዋል ማለት ነው። ድምፅ መስጠት የማይችል ሰው ተወካይ አለው። ወደ ተወካዩ ቢሮ ደውሎ የመንጃ ፈቃዱ ለምን እንደዘገየ ወይም የሥራ አጥ ክፍያው ለምን እንደታገደ ማስጠየቅ ይችላል። በኮሮና ዘመን የሥራ አጥ ክፍያ ቢሮዎች ሲጨናነቁ የስቴት ተመራጮች ቢሮ የሚደውሉ ሰዎች ጎርፍ ደርሶበት ነበር፤ የብዙ ሰው ፋይልም የተንቀሳቀሰው በዚያ በኩል ነው። ይህ ‘የነዋሪ ጉዳይ’ ሥራ በደብዳቤ ላይ ብዙም አይታይ እንጂ ከተመራጩ አገልግሎት ሁሉ ወገንተኝነት የማያውቀው እርሱ ነው።

እኛስ የት ነን?

የኢትዮጵያውያንን ከመድረኩ መራቅ በግዴለሽነት ብቻ መተርጎም ፍርደ ገምድልነት ነው። የአናፖሊስ ኮሚቴዎች በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት ይሰማሉ፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ መንገዱ 30 ማይል ያህል ነው። ታክሲ የሚነዳ፣ ፓርኪንግ የሚሠራ፣ ቤት ለቤት አረጋውያንን የሚንከባከብ ሰው ለሁለት ደቂቃ ንግግር የአንድ ቀን ገቢ ይከፍላል። ደብዳቤዎቹም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ብቻ ይወጣሉ። ጎረቤቷ ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዷቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ተመሳሳይ ልማድ ከመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ አልፎ ወደ ሕግ አውጪው ደብዳቤ ገና በሚገባ አልተሻገረም። በዚህ ላይ የራሳችን ልማድ ይጨመርበታል። ዝም አይነቅዝም ብለን ያደግን ብዙዎች ነን፤ ባለሥልጣን ጋ የሚኬደው አቤቱታ ሲኖር እንጂ አስተያየት ለመስጠት አይመስለንም።

ሲሞከር ግን ይሠራል። በሚኔሶታ የኡበርና የሊፍት ሾፌሮች፣ ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ፣ ለዓመታት በምክር ቤቱ ኮሪደር ተመላለሱ። የሚኒያፖሊስ ከተማ ምክር ቤት የራሱን ደንብ ሲያወጣ ኩባንያዎቹ ከተማዋን ለቀን እንወጣለን አሉ፤ ጉዳዩ ወደ ስቴቱ ተሻገረ። በግንቦት 2024 ጉባኤው ሊዘጋ ሰዓታት ሲቀሩት ለሾፌሮች በማይል ቢያንስ 1.28 ዶላር፣ በደቂቃ 0.31 ዶላር የሚያስከፍል ሕግ ጸደቀ፤ ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ሾፌሮቹ የጠየቁትን ሁሉ አላገኙም። ያገኙትን ያገኙት ግን ረቂቁ በኮሚቴ እያለ፣ የማን ድምፅ እንደሚያስፈልግ እያወቁ፣ በየተራ ሄደው ስለ ተናገሩ ነው። የጉባኤ ማብቂያ ደብዳቤ ጠብቀው ቢሆን ኖሮ የሚያነቡት የሌላ ሰው ድል በሆነ ነበር።

ኮሎራዶም መልካም ትምህርት አላት። በ1988 ሕዝቡ ባጸደቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መሠረት የሚቀርብ ረቂቅ ሁሉ በኮሚቴ መታየት አለበት፤ ሰብሳቢው ረቂቁን በመሳቢያ ቆልፎ ሊገድለው አይችልም። የአውሮራ ነዋሪ እንግዲህ የሚደግፈው ወይም የሚያሠጋው ረቂቅ የሚሰማበት ቀን እንደሚኖር ያውቃል። ቀኑን ማወቅ የተመራጩም የማኅበረሰቡ ድርጅቶችም ሥራ ነው።

መመዘኛው

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድን ተመራጭ በተግባሩ ለመመዘን ጥቂት ጥያቄዎች ይበቃሉ። የኮሚቴ ቀን ከመድረሱ በፊት አሳወቀኝ ወይ? በከረረው ጉዳይ ምን ድምፅ እንደሰጠና ለምን እንደሆነ ጻፈልኝ ወይ? የወደቀበትን ነገረኝ ወይ? ስደውል ለጥያቄዬ መልስ ሰጠኝ ወይስ ስም ብቻ እየተለወጠ ለሁሉም የሚላክ አንድ ወጥ ደብዳቤ ላከልኝ? በመጠይቁ ያገኘውን መልሶ አሳየኝ ወይ? ሳምንታዊ ኢሜይሉ የቱንም ያህል ቢያምር ከእነዚህ ሁለቱን እንኳ ካልመለሰ ማስታወቂያ ነው።

ማኅበረሰቡም ድርሻ አለው። አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶች፣ እድሮችና የአማርኛ ሬዲዮ ጣቢያዎች የጎርፍ ያህል መረጃ ያስተላልፋሉ፤ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ለወረዳቸው ረቂቆች በሳምንት አምስት ደቂቃ ቢሰጡ፣ የረቂቁን ቁጥርና የሚሰማበትን ቀን በአማርኛ ቢናገሩ፣ ተመራጩ ራሱ ያላደረገውን ያደርጉለታል። የሜሪላንድ 188 መቀመጫዎች በሙሉ በየአራት ዓመቱ በአንድ ቀን ለምርጫ ይቀርባሉ፤ ከ2022 ቀጥሎ ያለው 2026 ነው። ተመራጮቹ በዚያ ሰሞን በየአዳራሹ እንጀራ ሊቆርሱ፣ ‘ሰላም ነው?’ ሊሉን ይመጣሉ። በደስታ እንቀበላቸው፤ ከምሳው በፊት ግን በሚቀጥለው ጥር የትኛው ረቂቅ በየትኛው ኮሚቴ እንደሚሰማ መቼና በምን መንገድ እንደሚያሳውቁን እንጠይቃቸው። የሚሰጡንንም መልስ ጽፈን እንያዝ።